ከአጥር የተቆረጠ እሬት

ቢታንያ መጨነቅ የጀመረችው ሐሙስ ዕለት አይደለም፤ ጭንቀት አብሯት ነው የተወለደው። እናቷ ወይዘሮ ጥሩዬ «ይቺ ልጅ ተወልዳ ከማልቀሷ በፊት ግራ ቀኙን አይታለች» እያሉ ይቀልዱባታል። ታክሲ ሰልፍ ከያዘች በኋላ «ቡታጋዙን ዘግቼዋለሁ?» ብላ የምትመለስ፣ ዝናብ ሲዘገይ «ድርቅ ሊሆን ነው»፣ ሲመጣ ደግሞ «ጎርፍ ሊወስደን ነው» የምትል ሴት ናት። ባሏ ወንዲ ሲሰለቸው «አንቺ ልጅ፣ እግዜር ራሱ እኮ በሰባተኛው ቀን አርፏል» ይላታል። እሷ ግን መች አርፋ ታውቅና!

ሐሙስ ዕለት የሆነው ስልክ መደወሉ ነው። የደወለችው ቦሌ አካባቢ ያለ የአንድ ሆቴል የላውንደሪ ክፍል ኃላፊ ነበረች። «ሰኞ ማታ ትገቢያለሽ፤ አዳር ነው» አለቻት። «ግን እንዳለፈው ጊዜ ልጄ አለቀሰችብኝ ብለሽ ጥለሽ ብትሄጂ ሌላ ዕድል የለሽም። ከአሁኑ እወቂው።»

«ኧረ በፍጹም! እግዜር ያክብርልኝ!» አለች ቢታንያ። ስልኩ ሲዘጋ እልል ልትል አፏን ከፈተች። ዘወር ስትል ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የአባቷን ጫማ የምትልሰውን ልጇን ያኔትን አየቻትና እልልታው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

ያኔት ሁለት ዓመቷን ልትደፍን ጥቂት ወራት ናቸው የቀሯት። ሽሮ ትበላለች፣ እንቁላል ትበላለች፣ ካገኘች አፈርም ትበላለች። እንቅልፍ ሲመጣ ግን ከእናቷ ጡት ሌላ የምታውቀው ነገር የለም። ጡት ጎርሳ ነው የምትተኛው፤ ሌሊት ስትባንንም ያው ጡት ካልተሰጣት ሰፈሩን በሙሉ ትቀሰቅሳለች። ባለፈው ዓመት ቢታንያ እዚያው ሆቴል ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ሌሊት ወንዲ ደውሎ «ኧረ ልጅቷ ጠቆረችብኝ፤ ትንፋሿ ሊቆም ነው!» ሲላት፣ እርጥቡን አንሶላ ማሽኑ ውስጥ ጥላ ወጥታ ነበር። ልጅቷ ምንም አልሆነችም። ሥራው ግን በዚያው ቀረ።

ሥራው ደግሞ ለቢታንያ እንጀራ ብቻ አልነበረም። ሾላ የተወለደችበት የቀበሌ ቤት ፈርሶ ቡራዩ ከገቡ ወዲህ ዓለሟ አንድ ክፍል ቤትና የሰው ግቢ ሆኗል። ወንዲ ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ አንድ ሳምንት ሥራ ካለ ሁለት ሳምንት የለም። ባለ ሥራ ሲሆንም አንዴ ሰበታ፣ አንዴ ሱሉልታ እየተባለ ከጨለማ እስከ ጨለማ ነው። ላውንደሪው ውስጥ ግን ቢታንያ ሌላ ሰው ነበረች። ትኩሱን አንሶላ ከማድረቂያው ስታወጣ ፊቷን ትቀብርበትና ብቻዋን ትስቅ ነበር። እዚያ ስለ ቡታጋዝም ስለ ጎርፍም አታስብም። ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ያፍራታል።

እናም ከሐሙስ እስከ ሰኞ ድረስ ያኔት ጡት መተው አለባት። ካልተወች ሥራው የለም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አርብ ማታ ወንዲ አቅፎ ሊያስተኛት ሞከረ። አዘለ፣ ዘፈነ፣ ግቢውን ዞረ፣ ጨረቃ አሳያት። ልጅቷ ጨረቃዋን ዐይታ «እማ! ጡቲ!» ብላ ጮኸች። በመጨረሻ እሱም አብሯት ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፤ አምጥቶ ለእናቷ አስረከባት። ቢታንያ ያንን ሌሊት በዐይኗ ሰኞን እያየች አነጋች።

ሲነጋ እናቷ ዘንድ ደወለች። ወይዘሮ ጥሩዬ ሱሉልታ፣ ወንድ ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት። እዚያም አራስ ቤት ነው፤ ጉልበታቸውም ስለሚያማቸው መምጣት አይችሉም።

«እማዬ፣ ምን ይሻለኛል?»

«እሬት ነዋ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ፣ ይህም ጥያቄ ሆኖ እንደሚጠየቅ ገርሟቸው። «ጡትሽን እሬት ትቀቢያለሽ። አንዴ ስትቀምሰው በዚያው ትተወዋለች። አንቺንስ በምን ያስጣልኩሽ ይመስልሻል? በልመና?»

«ከየት ይገኛል?»

«ኧረ ከየትም! አጥር ሥር ነው የሚበቅለው። ግንድ የለውም። ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ዳር ዳሩ ጥርስ አለው፣ ዙሪያውን እንደ አበባ ተደርድሮ ከመሬት ይነሳል። ደረቅ መሬት ይወዳል። ቅጠሉን ቆርጠሽ ውሃውን መቀባት ነው። ስታዪው ታውቂዋለሽ።»

ነገር የሚበላሸው እንዲህ ነው። «ስታዪው ታውቂዋለሽ» የሚባለው እኮ ለሚያውቅ ሰው ነው! ቢታንያ የሾላ ልጅ ናት። እሬትን የምታውቀው ሻምፑ ጠርሙስ ላይ ባለ ሥዕል ነው፤ ሌላውን ከሰው አፍ ነው የሰማችው። አገሩ ሁሉ «እንደ እሬት መረረኝ» ይላል፤ ስንቱ ቀምሶት እንደሆነ ግን እግዜር ይወቅ።

መጠየቅ ትችል ነበር። አከራይዋ አደ አያንቱ ቡራዩ ተወልደው፣ ቡራዩ አግብተው፣ ቡራዩ ያረጁ ሴት ናቸው፤ ቅጠል ሁሉ በስሙ ነው የሚያውቁት። ግን ጡት ስለማስጣል ከእሳቸው ጋር መነጋገር ከባድ ነው። አንድ ቀን ቢታንያ ነገሩን ዘወር አድርጋ ብታነሳባቸው ተቆጥተው ነበር። «ልጅ ጡት የሚተወው ራሱ ሲጠግብ ነው። የእኔ የመጨረሻው ሦስት ዓመት ጠብቷል። ይኸው ሰንዳፋ ሠልጥኖ ፖሊስ ሆኗል!» ጡትና ፖሊስነት ምን እንደሚያገናኛቸው ቢታንያ ባይገባትም፣ ዳግመኛ አላነሳችባቸውም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወንዲ ስለ እሬቱ ሰምቶ ሰበታ ሥራ ከሄደ በኋላ፣ አደ አያንቱና ባላቸው ኦቦ ዳዲም ገፈርሳ ለቅሶ ሊደርሱ ሲወጡ ጠበቀች። የግቢው በር እንደተዘጋ የሽንኩርት ቢላዋዋን ይዛ ወደ አጥሩ ሄደች።

የኦቦ ዳዲ ግቢ በመንገዱ በኩል የሚታጠረው በቃጫ ነው። የተከሉት አባታቸው ናቸው፤ ያኔ አካባቢው እርሻ ስለነበር ጅብና የሰው ከብት እንዳይገባ። ጎረቤቱ ሁሉ ቃጫውን ነቅሎ ቆርቆሮ ሲያቆም ኦቦ ዳዲ እምቢ አሉ። ቃጫው ውሃ አጠጡኝ አይል፣ ታመምኩ አይል፣ በጋ ሁሉም ሲደርቅ እሱ ወፍራም ቅጠሉን እንደዘረጋ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ከሁሉም ትልቁ ከመሐሉ ቀጥ ያለ አገዳ አውጥቶ ከጣሪያ በላይ ወጣ፤ ጫፉ ላይ በየቅርንጫፉ ቢጫ አበባ አበበ። ንብ ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ቢታንያ አንድ ቀን ቆማ ስታየው ኦቦ ዳዲ አጠገቧ መጥተው «ያምራል አይደል?» አሏት። «እየሞተ ነው እኮ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ቃጫ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠራቅም ይኖርና አንዴ አብቦ ይደርቃል።» ያን ቀን ቢታንያ ለአንድ ቃጫ ስትጨነቅ ዋለች።

ያልነገሯት ነገር ቢኖር ከአጥሩ ሥር እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ያሉት ትንንሾቹ የዚያው የቃጫ ልጆች መሆናቸውን ነው። ማን ይነግራታል? ማን ያልታወቀ ነገር ነው ብሎ ያስባል? ትልቁ ቃጫ ሰው ያክላል፣ ግራጫ ነው፣ ያስፈራል። ትንንሾቹ ግን ገና አረንጓዴ፣ ክንድ የማይሞሉ፣ ወፍራም፣ ዳር ዳራቸው ጥርስ ያለው፣ ዙሪያቸውን እንደ አበባ ተደርድረው ከመሬት የተነሱ ናቸው። እናቷ ካሏት አንድም አልጎደለም።

«ይኸውና!» አለች ቢታንያ።

ስትቆርጠው የቅጠሉ ጫፍ እንደ መርፌ ጣቷን ወጋት። ደሟን መጠጠችና ቀጠለች። ቅጠሉ ክር ክር እያለ ቢላዋውን አስቸገረው፤ እንደ ምንም ቆርጣ ሙቀጫ ውስጥ ወቀጠችው፣ ጨምቃም በሲኒ አጠራቀመችው። ያቺ ነገር ሁሉ ሁለት ጊዜ ካላረጋገጠች የማታምን ሴት የምላሷን ጫፍ አስነካች። ምላሷን ወጋጋት። «ውይ! ምሬት ማለት እንዲህ ነው ለካ» አለች፤ እሬት ቀምሳ አታውቅማ! ከዚያ ቀባች። አንዴ በቂ ነበር፤ እሷ ግን ባይሠራስ ብላ ደገመችው፣ ሁለቱንም ጡት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ንጋት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ብላ አጥብታት ነበር፤ እንባዋ ልጅቷ ግንባር ላይ እየተንጠባጠበ። አሁን ግን ልቧን አጠንክራ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ያኔት ከቀትር በፊት እንደ ልማዷ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላት እየተደነቃቀፈች መጣች።

«እማ፣ ጡቲ።»

ሰጠቻት። ያኔት ሁለቴ ሦስቴ እንደሳበች ቆመች። ጡቱን ከአፏ አውጥታ የእናቷን ፊት አየች፤ ቁጣ አይደለም፣ ለቅሶም አይደለም፣ ብቻ ምን አደረግሽኝ የምትል መሰለች። ከዚያ ጮኸች። ቢታንያ እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምታ አታውቅም። እናቷ እንዳሏት «ጡቲ መረረ አይደል የኔ እናት? ሂድ በይው፣ ጡቲ ሂድ!» እያለች ታባብላት ጀመር። በልቧ አንድ ጥግ ግን «ሠራ» የሚል ነገር ነበር። ሰኞን አሰበች፣ ትኩሱን አንሶላ አሰበች።

ጩኸቱ ግን አላቆመም። ያኔት ምላሷን በእጇ እየፋቀች ለሃጯ በአገጯ ይወርድ ጀመር። ቢታንያ ልትጠርግላት ጎንበስ ስትል የልጅቷ ከንፈር ቀልቷል። እያየችው አበጠ፤ መጀመሪያ የታችኛው፣ ከዚያ የላዩ። የራሷም ጡት እንደ እሳት እየለበለባት መሆኑን ያኔ ነው ያወቀችው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ያቺ ዕድሜዋን ሙሉ ለሁሉም ነገር ስትጨነቅ የኖረች ሴት ለዚህ አልተዘጋጀችም ነበር።

በዚህ መሐል የግቢው በር ተንኳኳ፤ አደ አያንቱ ለቅሶ ደርሰው ተመለሱ። ጩኸቱን ሲሰሙ ነጠላቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ገቡ። «ማል ታቴ? ምን ሆነች ልጅቷ?»

እዚህ ላይ ቢታንያ ያደረገችውን አሁንም ስታስበው ታፍርበታለች። ዋሸች። «እ... እንጃ... ጉንዳን ነክሷት ይሆናል» አለች።

አደ አያንቱ የዋህ ናቸው። ጉንዳን ሲሏቸው ጉንዳን ፈለጉ። የልጅቷን ልብስ አወለቁ፣ ብብቷን አዩ፣ አልጋውን አራገፉ። ያ ሁሉ ሲሆን ቢታንያ ቆማ ታያለች። የያኔት ድምፅ እየሻከረ ሄደ፤ ጩኸቷ ወደ ሳል ተለወጠ። ቢታንያ ያንን ሳል ስትሰማ የአደ አያንቱን እጅ ያዘች።

«አደ! ጉንዳን አይደለም! እሬት ነው! ጡቴን እሬት ቀብቼ ነው!»

አደ አያንቱ ቀና አሉ። «የምን እሬት? እዚህ ግቢ ሀርጊሳ የለም እኮ።» እሬትን በኦሮምኛ ነው የጠሩት። «ከየት አመጣሽው?»

ቢታንያ በጣቷ ሙቀጫውን አሳየቻቸው። አደ አያንቱ የተወቀጠውን ቅጠል አነሱና ክሩን በጣታቸው መሐል ጎተቱት። እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ።

«ዋቃ ኮ! ቃጫ! ለሕፃን ቃጫ አጠጣሽ!»

ኦቦ ዳዲ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። ልጅ ሆነው ከአባታቸው ጋር ቃጫ ፍቀው ገመድ ሲገምዱ ጭማቂው እጃቸውን እስከ ክርን ያሳክካቸውና ያሳብጣቸው እንደነበር ሲያወሩ ቢታንያ ሰምታ ነበር፤ ያኔ ስቃ ነበር። አሁን ግን በዚያ ዕድሜያቸው ከዘራቸውን ጥለው ወደ መንገዱ ሮጡ፤ ባጃጅ ይዘው ተመለሱ።

አደ አያንቱ የልጅቷን አፍ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመው አጠቡና እሳቸውም አብረው ተሳፈሩ። ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ ግን ለማን? መንገዱ መሐል አንድ ገልባጭ መኪና አሸዋ እየደፋ መተላለፊያ ዘግቷል። ባጃጁ ቆመ። ያኔት የእናቷ ጭን ላይ ሆና ማልቀስ እንኳ ደክሟት ታቃስታለች። ቢታንያ ጆሮዋን የልጅቷ አፍንጫ ላይ ደቅና ትንፋሽ ትቆጥራለች፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባ አይገባ እንደሆነ አታውቅም።

«ሹፌር! ውረድልኝ! ውረድና ላናግርህ!» ብለው አደ አያንቱ ከባጃጁ ወረዱ። በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ጨረሱት፤ ሹፌሩ የትኛው እንደገባው እንጃ፣ አሸዋውን ግማሽ ሳይደፋ መኪናውን አንቀሳቀሰ።

ነርሷ ሳሊሃ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ እርጋታዋ ግን የትልቅ ሰው ነው። ያኔትን ተቀብላ አፏን በባትሪ አየች። «ምን ወሰደች?» ስትል ቢታንያ እንዳለ ነገረቻት፤ እሬቱን፣ አጥሩን፣ ሲኒውን፣ ጉንዳኑንም ሳይቀር። ትቆጣኛለች ብላ ጠበቀች። ሳሊሃ አልተቆጣችም፤ ያ ደግሞ ባሰባት። ሰው የማይቆጣው ነገሩ ሲከፋ አይደል?

«ስሚ እህቴ» አለች ሳሊሃ። «ከንፈሯ ማበጡ አያሳስበኝም። የማየው ጉሮሮዋን ነው። እሱ ካላበጠ ይሄ ይወርዳል። ትንፋሿ ከከበዳት ግን ወደ ከተማ ሆስፒታል እንልካታለን። ለእብጠቱ ሽሮፕ ሰጥቻታለሁ። አሁን መጠበቅ ነው።» ከዚያ የቢታንያን ሸሚዝ አየችና «አንቺም ሂጂና በሳሙና ታጠቢ፤ ተቃጥለሻል» አለቻት።

መጠበቅ! ለቢታንያ መጠበቅ አዲስ አይደለም፤ ዕድሜዋን ሙሉ መጥፎ ነገር ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ያን ጊዜ ግን መጥፎው ነገር ገና ወደፊት የሚመጣ ነበር። አሁን ጭኗ ላይ ተኝቶ ይተነፍሳል። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የልጅቷን ደረት ብቻ ታያለች። ትንሽ ከፍ ሲል «ተመስገን»፣ ዝቅ ሲል «ወይኔ»።

ስልኳ ጮኸ፤ ወንዲ ነበር፣ ከሰበታ። «እህስ? እሬቱ ሠራ? ተወችው?» አለ በሳቅ። ቢታንያ የልጅቷን ደረት ከማየት አላቋረጠችም። አደ አያንቱ ስልኩን ከእጇ ወስደው «ና!» አሉት። «ልጅህ ትተነፍሳለች፣ አትደንግጥ፣ ግን ና።» እንዲህ ተብሎ የማይደነግጥ አባት ካለ ይቅረብ።

ስልኩን መለሱላትና «ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሏት፣ በቀስታ።

«ይቆጡኛል ብዬ።»

«እቆጣለሁ። ለምን አልቆጣም? ተቆጥቼ ስጨርስ ደግሞ ሀርጊሳ ካለበት ወስጄ አሳይሽ ነበር።»

ቢታንያ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ያውም ድምፅ አውጥታ፣ ሰው ሁሉ እያያት። በልቧም ከእመቤታችን ጋር ድርድር ገባች። እመብርሃን፣ ብቻ ትትረፍልኝ። ሥራው ይቅርብኝ፤ አንሶላውም ላውንደሪውም ይቅርብኝ። ዳግመኛ አልከለክላትም። እስክትዳር ትጥባ!

ቀስ በቀስ፣ ቀኑ ሲዘቀዝቅ፣ የያኔት ሳል ቆመ። ለሃጯም ቆመ። ሳሊሃ መጥታ ጉሮሮዋን እንደገና አየችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ቀዝቃዛ ውሃ በሲኒ ስትሰጣት ልጅቷ ጠጣች፤ አጠገቧ የነበረ ሰው ሙዝ ሲበላ አይታም እጇን ዘረጋች። «ይቺማ ድናለች» አሉ አደ አያንቱ።

«ጡትስ?» አለች ቢታንያ። «መጥባት ትችላለች?»

«በደንብ ከታጠብሽ ትችላለች። እንዲያውም ያበርድላታል» አለች ሳሊሃ።

ቤት ሲደርሱ ወንዲ የሲሚንቶ ልብሱን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ልጁን ተቀብሎ ከንፈሯን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ልጁን መለሰላትና መጥረቢያ አንስቶ ወደ አጥሩ ሄደ። ኦቦ ዳዲ ቀድመው መንገዱ ላይ ቆሙ።

«ቃጫው ምን አጠፋ? አትንኩኝ ብሎ ጫፉ ላይ እሾህ አውጥቷል፣ ጎኑ ላይ ጥርስ አብቅሏል። ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ይናገር?»

ወንዲ መጥረቢያውን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ሳቁ መጣበት፣ ሳቁ ደግሞ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ሽማግሌው ትከሻውን ይዘው መለሱት።

ቤት ሲገባ ቢታንያ «ሰኞ አልሄድም» አለችው። «ነገ ለኃላፊዋ እደውልላታለሁ።» ወንዲ ሥራው ምን እንደሆነላት ያውቃል፤ ባትነግረውም ያውቃል። «ነገ ነገ ነው። ዛሬ ዝም ብለሽ አጥቢያት» አላት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያኔት ዐይኗን ማሸት ጀመረች። ቢታንያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሸሚዟን ቁልፍ ፈታች። ከሸሸችኝስ? ዐይታው ብትጮህስ? ጠዋት እስክትጮህ የጠበቀቻት ልጅ አሁን እንዳትጮህባት ትለምን ነበር።

«ነይ የኔ እናት። ጡቲ ታጥቧል፣ አይመርም። ነይ ጥቢ።»

ያኔት መጣች። አልሸሸችም፣ አልጮኸችም። ጭኗ ላይ ወጥታ ተቀመጠችና ጡቱን አየችው። ቀልቷል፤ ዙሪያውን ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጥቶበታል። በአንድ ጣቷ ነካ አደረገችው። ቢታንያ ሳታስበው «እስስ!» አለች፣ አመማት።

ልጅቷ ጣቷን ቶሎ ሰበሰበች። የእናቷን ፊት አየች፣ ጡቱን አየች፣ እንደገና ፊቷን አየች። ከዚያ ያንን ያበጠ ከንፈሯን አሞጠሞጠችና እፍ አለችበት። እፍ፣ እፍ፣ ምራቋ እየተረጨ።

«ጥቢ እንጂ፣ የኔ ዓለም» አለች ቢታንያ። «ለአንቺ ነው። ጥቢ።»

ያኔት ራሷን ነቀነቀች። አንድ ጊዜ ደግማ እፍ አለችና ጉንጯን ከፍ አድርጋ፣ ቀይ ያልሆነ ቦታ ፈልጋ፣ የእናቷ አንገት ሥር አሳረፈችው። ቢታንያ ወደ ጡቱ እስክትመለስ ጠበቀች። ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ሰውነቷ ላላ፣ ከበደች።

ወንዲ ከበሩ ሆኖ በሹክሹክታ «ተኛች እንዴ? ሳትጠባ?» አለ።

ቢታንያ በራሷ አዎ አለችው። ወተቱ ግን ሰዓቱን ያውቃልና በራሱ ጊዜ መፍሰስ ጀምሮ ሸሚዟን አራሰው። የሚጠጣው አልነበረም። ልጅቷን እንዳትቀሰቅስ በአንድ እጇ ብቻ፣ ቀስ እያለች፣ ቁልፎቿን አንድ በአንድ ቆለፈች።